ጠጉራሟ ሸረሪት ወገኗ ማን ነው?

ውድ አንባቢ፣ እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳልዎ። ማታ በቤትዎ ግድግዳ ሥር ስምንት እግር ያላት፣ ሰውነቷ በጠጉር የተሸፈነ፣ መዳፍ የምታህል ፍጡር ስትሄድ ቢያዩ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? አብዛኞቻችን ጫማ እናነሳለን። አባት ይመታል፣ እናት ልጆቹን አልጋ ላይ ታወጣለች፤ በአንዳንድ ቤት ደግሞ እናት ትመታለች፣ አባት አልጋ ላይ ይወጣል! ጎረቤትም በጩኸቱ ደርሶ "ይቺ እኮ ገዳይ ናት፤ እግዚአብሔር አተረፋችሁ" ይላል። ፍጡሯ ተጨፍልቃ ካበቃች በኋላ ግን "ለመሆኑ ምን ነበረች?" ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ጥያቄው ለደጋ ሰው ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ባለችው በቦርደዴ ለሚኖር ቤተሰብ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። ቦርደዴ የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ግራር፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ኩይሳ ነው። ከፍ ካለችው ከጭሮ (ከአሰበ ተፈሪ) ወይም ከአዲስ አበባ ለማስተማር፣ ለሕክምና ሥራ ወይም ለንግድ ወደዚያ የሚወርዱ አዲስ ባለትዳሮች ስለ ሙቀቱ አስቀድመው ይሰማሉ። ደረቅ ቆላ የባለ ስምንት እግሮች አገር መሆኑን የሚረዱት ግን ዕቃቸውን ካወረዱ በኋላ ነው።

"ታዲያ የሸረሪትን ወገንና ዝርያ ማወቅ ለትዳርና ለቤተሰብ ምን ይጠቅማል?" ይሉ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ልጅዎ በሌሊት ተነክሶ ሲጮህ፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋውንና የማያሰጋውን መለየት ይጠቅማል። ሁሉንም "መርዘኛ" ብሎ በአንድ ስም የጠራ ሰው ያን ሌሊት የሚይዘውንና የሚጨብጠውን ያጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ፍርሃት፣ ሦስት ፍጡሮች

በቆላ አገር በአንድ ፍርሃት ሥር የሚጠቃለሉ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ፍጡሮች አሉ።

የመጀመሪያዋ ፈረንጆች "የግመል ሸረሪት" የሚሏት ናት። የሸረሪት ዘመድ ትሁን እንጂ ሸረሪት አይደለችም። ድር አታደራም፤ መርዝም የላትም። ከፊቷ ያሉት ሁለት መዳሰሻዎች ረጃጅም በመሆናቸው አሥር እግር ያላት ትመስላለች። መንጋጋዋ ጠንካራ ስለሆነ ብትነክስ ልታደማ ትችላለች፤ ከዚያ ያለፈ ጉዳት ግን የላትም። "ሰው ታሳድዳለች" የሚባለውም ከጥላ ፍቅሯ የመጣ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሰውየው ሲሸሽ ጥላውም አብሮ ይሸሻል፤ እሷም ጥላውን ትከተላለች። ማታ ደግሞ በብርሃን ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ነፍሳት ለመብላት ወደ መብራት ትመጣለች።

ሁለተኛው ጊንጥ ነው። ከሦስቱ በእውነት ልንፈራው የሚገባን እርሱን ነው። በተለይ መቆንጠጫው ቀጭን፣ ጅራቱ ግን ወፍራም የሆነ ጊንጥ ካዩ ይጠንቀቁ። በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቆላ የሚገኙት ፓራቡተስ የሚባሉት ጊንጦች መልካቸው እንዲህ ነው። መርዛቸው ነርቭን የሚያጠቃ በመሆኑ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

ሦስተኛዋ የዛሬዋ ባለ ጉዳያችን ናት፤ ወፍራም፣ ጠጉራምና ዝግተኛ የሆነችው፣ በጉድጓድ ወይም በድንጋይ ሥር የምትኖረው ሸረሪት። በውጭው ዓለም ታራንቱላ ትባላለች። ከሦስቱ በመልኳ እጅግ የምታስፈራው እርሷ ናት። ይሁን እንጂ በዚህ የሸረሪት ቤተሰብ መርዝ ሰው መሞቱ በአስተማማኝ የሕክምና ማስረጃ ተረጋግጦ አያውቅም። እንግዲያው መልክና አደጋ አብረው እንደማይሄዱ ከመነሻው ልብ ይበሉ።

በተሳሳተ ስም የምትጠራ

"ታራንቱላ" የሚለው ስም ራሱ የሌላ ሸረሪት ስም ነበር። በደቡብ ኢጣሊያ ታራንቶ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በአካባቢዋ መካከለኛ ቁመት ያላት፣ በመሬት ላይ እየሮጠች የምታድን ሸረሪት ትኖራለች። የዚያ አገር ሰዎች "እርሷ የነከሰችው ሰው ካልጨፈረ አይድንም" ብለው ያምኑ ነበር። ታራንቴላ የሚባለው ፈጣን ጭፈራ ስሙ ከዚያ እምነት ጋር የተያያዘ ነው። በኋላ አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ተሻግረው ትልልቅ ጠጉራም ሸረሪቶች ሲያዩ የሚያውቁትን አስፈሪ ስም ሰጧቸው። የታራንቶዋ ሸረሪት ዛሬም በሳይንስ ሊኮሳ ታራንቱላ ትባላለች፤ ነገር ግን ከታራንቱላዎች ቤተሰብ አይደለችም። የስሙ ባለቤት ከቤተሰቡ ውጭ ቀረች ማለት ነው!

ለፍርሃቱ መስፋፋት አንድ ሥዕልም አስተዋጽኦ አድርጓል። በ1647 በፍራንክፈርት የተወለደችው ሠዓሊ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በ1699 ከልጇ ጋር በመርከብ ወደ ሱሪናም ሄዳ ነፍሳትን አጠናች። እናትና ልጅ ለምርምር ብለው ውቅያኖስ መሻገራቸው በዚያ ዘመን የሚያስገርም ነበር። በ1705 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ጠጉራም ሸረሪት ትንሽ ወፍ ስትበላ የሚያሳይ ሥዕል ነበረበት። ብዙዎች ለረጅም ጊዜ አላመኗትም። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ግን በ1758 ለአንዷ ጠጉራም ሸረሪት ወፍን የሚያመለክት ስም ሰጣት። "ወፍ በሊታ" የሚለው መጠሪያም በዚያው ጸንቶ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ግን የእነዚህ ሸረሪቶች የዘወትር ምግብ በረሮ፣ ፌንጣ፣ ጥንዚዛና የመሳሰሉት ናቸው።

ቤተሰብ፣ ወገን፣ ዝርያ

በኤደን ለመጀመሪያው ሰው ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ እንስሳትን በየስማቸው መጥራት ነበር። ያ ሥራ ገና አላለቀም። በሸረሪቶች ረገድ ዛሬ የምንጠቀምበትን የስም አሰጣጥ የጀመረው ካርል ክሌርክ ይባላል። በስቶክሆልም የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። በ1757 ስለ ስዊድን ሸረሪቶች ያሳተመው መጽሐፍ ከሊኒየስ ዝነኛ መጽሐፍ በአንድ ዓመት ስለሚቀድም፣ የእንስሳት ስም ሁሉ ከ1758 ሲቆጠር የሸረሪቶች ብቻ ከክሌርክ እንዲጀምር ተፈቅዷል።

አሰያየሙ ለእኛ አስቸጋሪ አይደለም። እኛ የልጁን ስም አስቀድመን የአባቱን እናስከትላለን። ሳይንስ ደግሞ ተገላቢጦሹን ያደርጋል። መጀመሪያ የወገኑን ስም፣ ቀጥሎ የዝርያውን ስም ይጠራል። ተቀራራቢ ዝርያዎች አንድ ወገን ይሆናሉ፤ ተቀራራቢ ወገኖች ደግሞ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ። የታራንቱላዎች ቤተሰብ ቴራፎሲዴ ይባላል። በውስጡ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘው የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ ደግሞ በ2022 ከ50,000 ዝርያ በላይ አልፏል።

የዚህ ቤተሰብ አባል መሆኗ በምን ይታወቃል? የተለመደችው የቤት ሸረሪት ሁለት መንከሻዎቿን እንደ ጉጠት ከግራና ከቀኝ ታጋጥማለች። ታራንቱላ ግን ሁለቱንም እንደ ዶማ ከላይ ወደ ታች ትሰነዝራለች። ከሆዷ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ሁለት ጥንድ ሳንባዎች አሏት። ከእግሯ ጫፍ ሥርም እንደ ብሩሽ የጠነከረ የጠጉር ምንጣፍ ስላላት ለስላሳ ግድግዳ ልትወጣ ትችላለች። ከአሜሪካዎቹ ብዙዎቹ ሲቆጡ ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጠጉር ያራግፋሉ። የአፍሪካዎቹ ይህ የላቸውም። ስለዚህ የእኛዋ ስትጨነቅ ወይ ትሸሻለች፣ ወይ የፊት እግሮቿን ወደ ላይ አንስታ "አትቅረበኝ" ትላለች። ይህን ካዩ ይመኗት፤ አይቅረቧት!

የአቢሲኒያ ስም ያለበት መዝገብ

በእኛ የምድር ክፍል ከሚገኙት ወገኖች አንዷ ኢሽኖኮሉስ ትባላለች። ታሪኳ ለጥሞና የሚሆን ነው።

በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ሐኪም ሆኖ ወደ ስፔን የዘመተው ፈረንሳዊው ሌዎን ዱፉር በ1820 አንዲት ቡናማ ጠጉራም ሸረሪት ገልጾ ከቫለንሲያ ጋር የሚያያዝ ስም ሰጣት። በ1871 አውስትሪያዊው አንቶን አውሰረር ኢሽኖኮሉስ የሚለውን የወገን ስም አወጣ፤ የስፔኗም በዚያ ሥር ገባች። ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1875፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ኮኽ ስለ ግብጽና ስለ አቢሲኒያ ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸው መጽሐፍ አሳተመ። በዘመኑ አውሮፓውያን "አቢሲኒያ" ሲሉ የዛሬዋን ኤርትራም ይጨምሩ ነበር። ናሙናዎቹን የሰበሰበው ከትራንሲልቫኒያ የመጣው ካርል ጂኬሊ ነበረ። ኮኽም አንዷን ዝርያ በሰብሳቢው ስም ኢሽኖኮሉስ ጂኬሊ ብሎ ሰየማት። በ1883 ደግሞ ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ፓቬሲ ስለ ሸዋ መንግሥት ሸረሪቶች በጄኖዋ አሳተመ። ጊዜው በኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመሩት የጣሊያን ተመራማሪዎች በንጉሥ ምኒልክ ፈቃድ በአንኮበር አቅራቢያ የተቀመጡበት ነበር። አንቲኖሪም በ1882 በዚያው አርፏል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኢሽኖኮሉስን ከሌሎች ለመለየት ይሠራበት የነበረው ዋና ምልክት በእግሯ ጫፍ ሥር ያለው የጠጉር ምንጣፍ ነበር። ምንጣፉ በመሐሉ በሚያልፉ ጠንካራ ጠጉሮች ለሁለት ይከፈላል። ምልክቱ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን በሌሎች ወገኖች ግልገሎችና በትንንሽ ዝርያዎችም ላይ ይታያል። ይህ ሳይታወቅ ከአሜሪካ፣ ከእስያና ከአፍሪካ የመጡ ብዙ ትንንሽ ቡናማ ሸረሪቶች በዚህ ስም ተመዘገቡ። ወገኗ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሁሉ የሚጣልበት ጓዳ ሆነች ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ደግሞ አንዷ ዝርያ በየአገሩ የተለያየ ስም ወጣላት። አንዱ ከስፔን፣ ሌላው ከአልጄሪያ፣ ሌላው ከሞሮኮ ናሙና ይዞ "አዲስ አገኘሁ" ይል ነበር።

በ2014 ብራዚላዊው ሆዜ ፓውሎ ጓዳኑቺና ጀርመናዊው ኢንጎ ዌንት ወገኗን እንደገና መረመሩ። በየሙዚየሙ በአልኮል የተቀመጡትን የጥንት ናሙናዎች አውጥተው፣ የእግሩን ጠጉር ብቻ ሳይሆን የወንዱንና የሴቷን የመራቢያ አካል ቅርጽ አነጻጸሩ። ይህ ቅርጽ በየዝርያው ስለሚለያይ ከቀለምና ከቁመት ይልቅ የታመነ ምስክር ነው። በዚህ መንገድ ቦታቸው ያልሆኑት ወጡ፤ ከአንድ በላይ ስም የነበራቸው ወደ አንድ ተጠቃለሉ። ከሰሜን አፍሪካና ከስፔን ብዙ ስሞች በዱፉር የጥንቷ ዝርያ ሥር ተደመሩ። ከእስራኤል፣ ከሊባኖስና ከሶርያ የመጣች አንዲት ዝርያም አዲስ ስም አገኘች፤ ትርጉሙ "ችላ የተባለችው" እንደ ማለት ነው። ለዓመታት በሌላዋ ስም ስትጠራ ኖራለችና! የአቢሲኒያዋ ጂኬሊ ግን ፈተናውን አልፋ ስሟን ይዛ ቀረች። መኖሪያዋም ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ ይደርሳል። በ2020 ደግሞ ከኦማንና ከኢራን ሌላ አዲስ ዝርያ በዚህ ወገን ተመዘገበች።

እንግዲህ ይህን አስቡት። ስም ለማውጣት አንድ ቀን ይበቃል፤ የተሳሳተውን ስም ለማረም ግን ከ140 ዓመት በላይ ፈጀ።

በልብስ አይፈረድም

የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ ሬጂናልድ ፖኮክ በ1897 ባወጣው ጽሑፍ ርእስ ላይ "የኢትዮጵያ ቀጠና" የሚል ቃል አለ። አንባቢ ስለ አገራችን የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። በዘመኑ የእንስሳት ተመራማሪዎች በዚህ ስም የሚጠሩት ግን ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ በሙሉ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ፖኮክ ለምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቆላ ታዋቂ የሆነችውን ቴሪኖኪሉስ የተባለችውን ወገን ሰየመ።

ከዚህ ወገን ቴሪኖኪሉስ ሙሪኑስ የምትባለው ዝርያ ታስተምራለች። ስሟ "አይጥማ" እንደ ማለት ነው፤ ቀለሟን ለመግለጽ የወጣ ነው። በኋላ ግን ከታንዛኒያና ከኬንያ እንደ እሳት ብርቱካናማ የሆኑ፣ ቢጫማና ግራጫ የሆኑ ተገኙ። ሲመረመሩ ሁሉም ያቺው አንዷ ዝርያ ሆኑ። በአንጻሩ በ2002 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጋሎን ይህንኑ ወገን ሲመረምር፣ በመልክ ተመሳስለው አብረው ተቆጥረው የነበሩ ሦስት የደቡብ አፍሪካ አካባቢ ዝርያዎች የሌላ ወገን መሆናቸውን አግኝቶ ለይቷቸዋል። ልብሳቸው የተለያየ አንድ ሆኑ፤ ልብሳቸው አንድ የሆነ ተለያዩ።

በኬንያና በታንዛኒያ የምትገኘው ትልቋ ቡናማ ታራንቱላም ሁለት ስም ነበራት። አንዱ በ1885፣ ሌላው በ1900 የወጣ ነው። ጋሎን በ2010 ሁለቱ አንድ ፍጡር መሆናቸውን አሳየ። በሕጉ መሠረት የቀደመው ስም ስለሚጸና ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀችበት ስም ተሰረዘ፤ ዛሬ ፔሊኖቢየስ ሙቲከስ ትባላለች።

ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወዲያ ማዶም ዘመዶች አሉ። ያው ፖኮክ በ1897 የሰየማት ሞኖሴንትሮፐስ የምትባል ወገን አለች። አንዷ ዝርያ በሶቆጥራ ደሴት፣ አንዷ በየመን፣ አንዷ ደግሞ እጅግ ርቃ በማዳጋስካር ይገኛሉ። የሶቆጥራዋ በሰማያዊ እግሮቿ ትታወቃለች። ከዚህም ይልቅ የሚደንቀው የቤተሰብ ኑሮዋ ነው። አብዛኞቹ ታራንቱላዎች ጎረቤት የማይወዱ ብቸኞች ሲሆኑ፣ እርሷ ግልገሎቿን ከጎኗ አቆይታ ያደነችውን ታካፍላቸዋለች።

ባልና ሚስት በጉድጓድ

ባለትዳሮች ስለዚህ ፍጡር ሊያውቁ ከሚገባቸው ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ሴቷ የቤት እመቤት ናት። በጉድጓድ ወይም በድንጋይ ሥር ያለውን ቤቷን በድር ትለብጠዋለች፤ ሌሊት በደጃፉ ተቀምጣ የሚያልፈውን ነፍሳት ትጠብቃለች። ከዚያ ርቃ አትሄድም። ወንዱ ግን ለአካለ መጠን ሲደርስ ቤቱን ጥሎ ሚስት ፍለጋ ይንከራተታል። ስለዚህ ማታ ማታ በተለይም ከዝናብ በኋላ በመንገድ ላይ ወይም በቤት ግድግዳ ሥር የሚታየው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው። ሰው ፍለጋ የመጣ አይደለም፤ ሙሽራ ፍለጋ ወጥቶ መንገድ የጠፋው ነው።

የሴቷን ደጃፍ ሲያገኝ ዘው ብሎ አይገባም። መሬቱን በእግሩ እየመታ ያንኳኳል። ከፈቀደች ትወጣለች። በብዙ ዝርያዎች ወንዱ በፊት እግሮቹ ላይ ባሉት መንጠቆዎች መንከሻዎቿን ደግፎ ይይዛል፤ ፈጥኖ ካልሄደ እራት ሊሆን ይችላልና! ከዚህ በኋላ ወንዱ ብዙ አይቆይም፤ በወራት ውስጥ ይሞታል። ሴቷ ግን እንደየዝርያዋ ከ10 እስከ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች። እንቁላሎቿን በድር ከረጢት ጠቅልላ እስኪፈለፈሉ ትጠብቃለች።

የዕድሜያቸውን ርዝመት የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ባርባራ ዮርክ ሜን የተባለች አውስትራሊያዊት ሳይንቲስት ከ1974 ጀምሮ በጉድጓድ የሚኖሩ የታራንቱላ ዘመዶችን በየቁጥራቸው መዝግባ ትከታተል ነበር። "ቁጥር 16" የተባለችው ሸረሪት በ2016 ስትሞት ዕድሜዋ 43 ዓመት እንደነበረ ታወቀ። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በዚያችው ጉድጓድ ነበር። በአንድ ምት የምንጨፈልቃት ሴት ሸረሪትም ከበኩር ልጃችን የምትበልጥ ልትሆን እንደምትችል ያስቡ።

ለቤተሰብዎ

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ በቆላ ቤት ምን እናድርግ? ጥቂት ነገሮች እንጠቁምዎ።

መከላከያው ለሦስቱም አንድ ነው። ማገዶና ድንጋይ ከቤት ግድግዳ አጠገብ አይከምሩ፤ መደበቂያቸው እርሱ ነው። የግድግዳና የበር ሥር ክፍተቶችን ይድፈኑ። ጠዋት ጫማዎን ሳያራግፉ አይጫሙ፤ ልጆችዎንም ይህን ያስለምዱ። ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ባትሪ ይያዙ፣ ባዶ እግርዎን አይሂዱ። መሬት ላይ ከመተኛት አልጋ ይሻላል። አጎበርዎን ዘርግተው ዳር ዳሩን ከፍራሹ ሥር ይወትፉ። አጎበሩ ከእነዚህ ሁሉ የባሰችውን ጠላት ማለትም የወባ ትንኝን ይከላከላል። ከጠጉራሟ ሸረሪት እየሸሸ ያለ አጎበር የሚተኛ ሰው ፍርሃቱን በማይገባ ቦታ አውሎታል።

ጠጉራሟን ሸረሪት በቤት ውስጥ ካገኟት በእጅዎ አይንኳት። አፈ ሰፊ ጣሳ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ይድፉባት፤ ከሥሩ ጠንካራ ካርቶን ያስገቡ፤ ከቤት ራቅ አድርገው ይልቀቋት። ልጅዎ ይህን ሲያይ ሁለት ነገር ይማራል፤ መጠንቀቅንና አለመጨከንን።

ብትነክስስ? ቦታውን በውኃና በሳሙና ይጠቡ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉበት። ሕመሙ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ቴሪኖኪሉስ ያሉት የአፍሪካ ወገኖች ንክሻ ለቀናት የሚቆይ ሕመምና የጡንቻ መኮማተር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ተገቢ ነው። ነገር ግን "ልሞት ነው" ብሎ መሸበር አያስፈልግም።

ጊንጥ ከሆነ ግን፣ በተለይ ለሕፃን፣ ጊዜ አያባክኑ። ልጁ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ በላብ ከተጠመቀ፣ ካስመለሰው፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ያለ ሥርዓት ከተንከራተተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በማንኛውም ንክሻ ቦታውን በምላጭ አይብጡ፣ አይምጠጡ፣ በገመድ አያስሩ፣ በእሳት አይተኩሱ፣ ጋዝ አያፍስሱበት። እነዚህ ሁሉ ከንክሻው የባሰ ቁስል ያመጣሉ። ከተቻለም የነከሰው ምን እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገሩ። "አንድ መርዘኛ ነገር" ማለት ሐኪሙን አይረዳውም። "ጅራቱ ወፍራም፣ መቆንጠጫው ቀጭን ጊንጥ ነው" ወይም "ጠጉራም ወፍራም ሸረሪት ናት" ማለት ግን ሕክምናውን ያፋጥናል። ሳይንቲስቶች 140 ዓመት የደከሙበት መለየት ለእርስዎ ጥቅም የሚሰጠው በዚያች ደቂቃ ነው።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ የምትፈሩ፣ ሌላችሁ የምትስቁ ከሆነ፣ የሚፈራው ፍርሃት እውነተኛ ስለሆነ አይሳቅበት። የሚያረጋጋው እውቀት ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ልጆቻችሁን ሰብስቡና በወረቀት ላይ ሦስቱን ሣሉላቸው፤ ሯጯን የግመል ሸረሪት፣ ባለ ወፍራም ጅራቱን ጊንጥና ጠጉራሟን ሸረሪት። የትኛውን መሸሽ፣ የትኛውን በጣሳ ማውጣት፣ የትኛው ሲነድፍ ሳይደብቁ ለእናትና ለአባት መንገር እንዳለባቸው አስረዷቸው። ከዚያም እያንዳንዱን በስሙ ይጥሩት።